ጀሪካን ምን ይሣላል?

በተማሪዎች ክበብ ግድግዳ ላይ በዚህ ዓመት ከተሰቀሉት ሥዕሎች ሁሉ ብዙ ያከራከረው ትልቁም ባለቀለሙም አይደለም። ያከራከረው በግማሽ ሉክ ወረቀት ላይ በእርሳስ ብቻ የተሠራ የአንድ ጀሪካን ሥዕል ነው። ሠዓሊው ስሙን አልጻፈበትም፤ እኛም ማን እንደ ሆነ ለማወቅ አልደከምንም። ሥዕል አፍ የለውምና፥ የተሰነዘሩበትን ክሶች ሰብስበን አንድ በአንድ ልንመልስለት በዚህ ገጽ ጠበቃ ሆነን ቆመናል።

ክሶቹ አራት ናቸው። አንደኛው፥ ጀሪካን ተራ ዕቃ ነው፥ ለሥዕል የሚበቃ ክብር የለውም የሚል ነው። ሁለተኛው፥ ቀለም የሌለው ሥዕል ያላለቀ ሥዕል ነው ይላል። ሦስተኛው፥ ማናቸውም የእጅ ስልክ በአንድ ቅጽበት የሚያነሣውን ነገር ቀን ሙሉ ተጎንብሶ መሣል የጊዜ ብክነት ነው ይላል። አራተኛውና ከሁሉም የከበደው ክስ ደግሞ፥ ሕዝብ በስንት ችግር ተይዞ ሳለ የተማረ ሰው ተቀምጦ ጀሪካን ይሥላል ወይ የሚል ነው። ይህን የመጨረሻውን የሚሉት ጓደኞቻችን ቀልደኞች አይደሉም፤ ስለዚህ መልሱም የቀልድ መሆን የለበትም።

በመጀመሪያ ሥዕሉን ላላዩት እንናገር። ጀሪካኑ መሬት ላይ ብቻውን ቆሟል። ክዳኑ ጠፍቶ አፉ በቆረቆንዳ ተወትፏል። እጀታው ከአንድ ወገን ተሰንጥቆ በሲባጎ ታስሯል፤ ሲባጎው ብዙ ጊዜ ከመሳቡ የተነሣ ተበጣጥሶ ጭራ አውጥቷል። በጎኑ ላይ የባለቤቱ ምልክት በጋለ ሚስማር ተጭሯል። ከሥር እስከ ሲሶው ድረስ ግራጫው ጥቂት ይጠቁራል፤ ከዚያ በላይ ይነጣል። ልብ ብሎ ያየ ሰው ይህ ጥላ እንዳልሆነ ይገባዋል። ውሃው ነው። ጀሪካኑ የተሞላው እስከ ሲሶው ብቻ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ሰው የለም፥ ቤት የለም፥ ቧንቧም የለም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክስ እንሂድ። ተራ ዕቃ ማለት ምን ማለት ነው? በየቀኑ የምናየው ማለት ከሆነ፥ አዎን፥ ጀሪካን ተራ ነው። በየመኝታ ክፍላችን በር ሥር ተደርድሮ ይገኛል፤ ውሃ ሲጠፋ ስሙ ይነሣል፥ ውሃ ሲመጣ ይረሳል። አባቶቻችን «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ከደጃችን ያለውን ንቀን ሩቅ ያለውን እናከብራለን። ጥፋቱ ግን የጠበሉ አይደለም።

ይህ ዕቃ ታሪክ የሌለው እንዳይመስለን። ጀሪካን የሚለው ስም የጦርነት ስም ነው። ጀርመኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለሠራዊታቸው ነዳጅ ማመላለሻ ይሆን ዘንድ ሃያ ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ሠሩ፤ እንግሊዞች ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ በቅጽል ይጠሯቸው ነበርና፥ ዕቃውን በጦር ሜዳ ባገኙት ጊዜ «የጄሪ ቆርቆሮ» አሉት፤ ወዲያውም አስመስለው ሠሩት። የመጀመሪያው ዕቃ ሦስት እጀታ ነበረው፤ አንድ ሰው ብቻውን እንዲሸከመው፥ ወይም ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ እንዲይዙት ታስቦ ነው። ከጊዜ በኋላ ብረቱ ፕላስቲክ ሆነ፤ ነዳጁም የምግብ ዘይት ሆነ። ዘይቱ ሲያልቅ ባዶው ዕቃ ታጥቦ የውሃ መቅጃ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል አልጠፋም ያለው ሃያ ሊትሩ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ይመዝናል። ልኩ የወጣው ለወታደር ክንድ ነበር፤ ዛሬ የሚሸከመው ግን የሴት ልጅ ጀርባ ነው።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት መግለጫ፥ በዓለም ላይ 1.8 ቢሊዮን ሰዎች በግቢያቸው ውስጥ ውሃ በሌላቸው ቤቶች ይኖራሉ፤ ከእነዚህም ቤቶች ውስጥ በአሥሩ ሰባቱ ውሃ የመቅዳቱ ኀላፊነት የሴቶችና የልጃገረዶች ነው። እንግዲህ ስለዚህ ጉዳይ የሚመሰክር አንድ ዕቃ ከጓዳችን ምረጡ ብንባል፥ ከጀሪካን የበለጠ ምስክር ከወዴት ይገኛል?

ደግሞስ ታላላቅ ሠዓሊዎች ተራ ዕቃ ንቀዋልን? ጀርመናዊው አልብረኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1493 ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ፥ ማለትም በእኛ ዕድሜ፥ የራሱን መልክ በሣለበት ወረቀት ጀርባ ላይ ስድስት ትራሶችን በብዕር ሥሏል። ስድስቱም እየተጨማደዱና እየተጠማዘዙ የተሣሉ ትራሶች ናቸው። ወረቀቱ ዛሬ በኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ቤተ መዘክር ይገኛል። በአገራችንም የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እመቤታችንን ሲሥል በእጇ መሐረብ ያስይዛታል። መሐረብ በየሰው ኪስ የሚገኝ ዕቃ ነው። ሠዓሊው ግን እጥፋቱን ሳይቀር በጥንቃቄ አውጥቶታል። ለዕቃው ክብር የሰጠው በማን እጅ እንዳለ ማወቁ ነው። የክበባችን ሠዓሊም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እጁን ሳይሥል እጁን ማሳየቱ ነው።

ከሩቅ ሳንሄድ ከአፍሪካ አንድ ምስክር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1955 በጆሃንስበርግ የተወለደው ዊልያም ኬንትሪጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በእርሳስ ሳይሆን በከሰል ነው፤ የሥራው ጠባይ ግን ለያዝነው ነገር ይጠቅማል። አንድ ወረቀት ላይ ይሥላል፥ ፎቶግራፍ ያነሣል፥ ያጠፋል፥ እንደገና ይሥላል፤ ከዚህም ፊልም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 በሠራው «ማይን» በተባለው ፊልም አንድ ባለጸጋ አልጋው ላይ ተቀምጦ ቁርሱን ይበላል። የቡናውን ማጥለያ ወደ ታች ሲጫነው፥ መጫኛው ቡናውን አልፎ፥ ትሪውን አልፎ፥ አልጋውን በስቶ፥ ከምድር በታች እስከ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ድረስ ይወርዳል። በአንዲት የቡና ዕቃ የደቡብ አፍሪካ ኤኮኖሚ በሞላ ተገለጸ። ንግግር አልተደረገም፤ ጽሑፍም አልተለጠፈም። ተራ ዕቃ ብለን የናቅነው ነገር ውስጡ ምን እንዳለ የሚታወቀው እንዲህ ተከትለነው ስንወርድ ነው።

ሁለተኛው ክስ ስለ ቀለም ነው። ጀሪካን ቢጫ ነው፥ ታዲያ ቢጫው የት ሄደ ይላሉ። እኛ ደግሞ እንጠይቃለን፤ ቢጫው ምን ይጨምርልን ነበር? ቢጫ ጀሪካን በየእርዳታው ማስታወቂያና በየግድግዳው ወረቀት ላይ ስላየነው ዐይናችን ለምዶታል፤ ቢጫውን ባየን ቁጥር «አዎን፥ የውሃ ችግር» ብለን እናልፋለን። ቀለሙ ሲነሣ ግን ለመለየት መቆም ግድ ይሆናል። ቆመን ስናይ ቆረቆንዳውን፥ ሲባጎውን፥ የተጫረውን ምልክት እናገኛለን። ያ ቀጭን የውሃ ልክም በግራጫ ባይሠራ ኖሮ ቢጫው ይውጠው ነበር።

እርሳስንም ባንንቀው መልካም ነው። በእርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር እርሳስ የሚባለው ብረት አይደለም፤ ግራፋይት ነው። ግራፋይት ደግሞ እንደ አልማዝ ሁሉ ንጹሕ ካርቦን ነው። ልዩነታቸው በቅንጣቶቹ አደራደር ብቻ ነው፤ ግራፋይት በስስ ንጣፍ ተነባብሯልና ወረቀት ሲነካው ንጣፉ እየተላጠ ይቀራል። መልካሙ ግራፋይት ይወጣ የነበረው ከእንግሊዝ አገር ከቦሮዴል ነበር። ፈረንሳይና እንግሊዝ በተዋጉ ጊዜ ፈረንሳዮች እርሳስ አጡ፤ ያን ጊዜ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የተባለ ሰው የደቀቀ ግራፋይት ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ፥ በምድጃ አቃጥሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1795 የሥራ መብቱን በስሙ አስመዘገበ። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፥ መስመሩም ይቀጥናል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፥ ይጠቁራል። በእርሳሶቻችን ጫፍ ላይ የምናያቸው «ኤች» እና «ቢ» የሚባሉት ምልክቶች የዚህ ልክ ናቸው። እንግዲህ እርሳስ ራሱ ከማጣት የተወለደ መሣሪያ ነው። ጀሪካንን ለመሣል ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ዋጋውም አይረሳ። የዘይት ቀለም፥ ሸራና ብሩሽ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው፤ የተማሪ ኪስ አይችለውም። አንድ እርሳስና ግማሽ ሉክ ወረቀት ግን ለማንም አያቅተውም። ቀለም የሌለው ሥዕል ሥዕል አይደለም የሚል ሰው፥ ሳያውቀው፥ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ሠዓሊ አይሆንም ማለቱ ነው። ይህን አንቀበልም።

ስለ ቀለም ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። ይህ መጽሔት የሚወጣበትን የማባዣ መኪና አንባቢ ያውቀዋል። ስቴንስሉ ከተበሳ ቀለም ያልፋል፥ ካልተበሳ አያልፍም፤ መካከለኛ የሚባል ነገር አያውቅም። ሥዕሉን በዚህ ገጽ ላይ አባዝተን ያላወጣነው ስለዚህ ነው፤ ብናወጣው ጀሪካኑ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ይመስል ነበር። በክበባችንና በስብሰባችን የሚደረገው ክርክርም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ መኪና ነው። አንዱ «ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከእነሱ?» ይላል፤ ሌላውም ያንኑ መልሶ ይጠይቃል። በጥቁርና በነጭ መካከል ያለውን ስንት ዓይነት ግራጫ የሚያይ ሰው ወላዋይ ይባላል። በእርሳስ የሚሥል ሰው ግን ግራጫን የሚመርጠው ስለ ፈራ አይደለም። ይህ ጎን ከዚያኛው ምን ያህል ይጠቁራል ብሎ መቶ ጊዜ መፍረድ አለበት፤ አንዱን ቢሳሳት ጀሪካኑ ጀሪካን አይመስልም። ግራጫ ያለ ፍርድ አይገኝም። ይህን የመሰለ የፍርድ ልምምድ ለእኛ ለተማሪዎች ከማናቸውም በላይ ያስፈልገናል ብለን እናምናለን።

ሦስተኛው ክስ ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር ነው። እውነት ነው፥ ስልክ በአንድ ቅጽበት ያነሣል። ዛሬ እንዲያውም ዕቃው በሌለበት፥ ጥቂት ቃል ብቻ የተነገረው ኮምፒዩተር የጀሪካን ሥዕል አዘጋጅቶ ያቀርባል። እኛ መሣሪያ አንጠላም። ነገር ግን ጥያቄው ሥዕሉ በስንት ደቂቃ ተሠራ ሳይሆን፥ ሠሪው በመሥራቱ ምን አወቀ የሚል ነው። ስልኩን የጫነ ሰው ሲባጎው በየትኛው በኩል እንደ ተበጣጠሰ ሳያይ ሊሄድ ይችላል። በእርሳስ የሣለው ግን ሳያይ ሊያልፍ አይችልም፤ እጁ ወደዚያ ሲደርስ ዐይኑ ይጠየቃል።

ይህ የሠዓሊዎች ወሬ ብቻ አይደለም። እስፓኛዊው ሐኪም ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የነርቭ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ እያየ በእጁ ይሥል ነበር። ፎቶግራፍ በዘመኑ ነበረ፤ ሰውዬው ራሱ ፎቶግራፍ ወዳድ ነበር፥ ስለ ባለቀለም ፎቶግራፍም መጽሐፍ ጽፏል። ነገር ግን ነርቭ እያንዳንዱ ለብቻው የቆመ ሕዋስ መሆኑን ለዓለም ያስረዳው በሣላቸው ሥዕሎች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1906ም የኖቤል ሽልማትን ከካሚሎ ጎልጂ ጋር ተካፈለ። በአገራችንም ሊቃውንት ደክመው እ.ኤ.አ. በ2009 የተፈጸመውን የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ የከፈተ ተማሪ፥ ዕፀዋቱ በጥቁር መስመር ተሥለው ያገኛቸዋል። የፎቶግራፍ መኪና ጠፍቶ አይደለም። መስመር የሚያስፈልገውን መርጦ የማያስፈልገውን ስለሚተው ነው።

ይህን ስንል ግን በእርሳስ የተሠራውን ሁሉ እናደንቃለን ማለት አይደለም። ፎቶግራፍ በአራት ማዕዘን ሸንሽነው፥ እያንዳንዱን ሸንሻ ቆጥረው እየገለበጡ «ፎቶ ነው የሚመስለው!» ለመባል የሚደክሙ አሉ። ትዕግሥታቸው ያስመሰግናል፤ ሥራቸው ግን ከማባዣ መኪናችን ሥራ ብዙ አይለይም። ፎቶ የሚመስል ሥዕል ፎቶው ያላየውን ካላየ ለምን ተሠራ? የክበባችንን ሥዕል የምንከራከርለት ስለሚመስል አይደለም። የጀሪካኑ የላይኛው ጠርዝ እንዲያውም ጥቂት ተንጋድዷል። የምንከራከርለት ሲሶውን ስላየ ነው።

አሁን ወደ አራተኛው ክስ ደርሰናል። ጓደኞቻችን እንዲህ ይላሉ፤ «የተራበ በሥዕል አይጠግብም፥ የተጠማም በሥዕል አይረካም። ያ ግድግዳ ለጥያቄያችን ማስታወቂያ መዋል ሲገባው በጀሪካን ተያዘ።» የዚህ ክስ ግማሹ እውነት ነው። ሥዕሉ አንድ ጣሳ ውሃ አላመጣም፤ ወደፊትም አያመጣም። ሥዕል ቧንቧ ይተካል የሚል ሰው ካለ ከእኛ ወገን አይደለም።

ግማሹ ግን ስሕተት ነው። አንድ ጥያቄ ለማቅረብ መጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለ ውሃ እጥረት አሥር ገጽ የሚጽፍና ጀሪካን በቆረቆንዳ እንደሚወተፍ የማያውቅ ተማሪ ስለ ሕዝብ ይናገራል እንጂ ከሕዝብ ጋር አይነጋገርም። «ሰፊው ሕዝብ» የሚለው ቃል በአፋችን ሲበዛ እንደ ቢጫው ቀለም ይሆናል፤ ሁሉም ያየዋል፥ ማንም አይቆምለትም። የተሰነጠቀው እጀታ ግን አንድን የተወሰነ ሰው ያመለክታል። አዲስ ለመግዛት ያልቻለች፥ የተሰበረውን ያልጣለች፥ ሲባጎ ፈልጋ ያሰረች ሴት በዚያ ሥዕል ውስጥ አለች። ማስታወቂያ የሚያስተምረን እንድንጮኽ ነው፤ ይህ ሥዕል ደግሞ የምንጮኸው ስለ ማን እንደ ሆነ ያስተምረናል። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ላይ ቢሰቀሉ ምን ይጎዳል?

አንዳንዶች ደግሞ በተቃራኒው፥ ሴትየዋ ለምን አልተሣለችም፥ ያለ ሰው ሥዕሉ ቀዝቅዟል ይላሉ። ይህን ወቀሳ በቀላሉ አናልፈውም። ሰውን ትቶ ዕቃን ማሳመር ከችግር ጌጥ ወደ መሥራት ሊያደርስ ይችላል፤ የድሃን ጎጆ ሥለው ለሀብታም ሳሎን የሚሸጡ መኖራቸውን እናውቃለን። ነገር ግን እዚህ ላይ ሠዓሊው ልክ ነው እንላለን። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ ተሥላ ቢሆን ኖሮ ዐይናችን ወደ ፊቷ ይሄድና እናዝንላት ነበር፤ አዝነንም ቡናችንን እናዝ ነበር። ሐዘን ቶሎ ያልቃል። ብቻውን የቆመው ጀሪካን ግን ሐዘን አይለምንም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቀሪው ሁለት ሲሶ የት አለ?

እንግዲህ ክርክራችን ከወሬ እንዳይቀር ለተማሪዎች ማኅበር ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የክበቡ አንድ ግድግዳ ዓመቱን ሙሉ ለተማሪዎች ሥዕል ይለቀቅ። መምረጫው የቀለም ብዛትና የሸራ ስፋት አይሁን፤ ሠሪው ዕቃውን በዐይኑ አይቶ መሣሉ ይሁን።

ሁለተኛ፥ ማኅበሩ በሳምንት አንድ ሰዓት የሥዕል ሰዓት ይመድብ፤ ወረቀትና እርሳስ ያቅርብ። ሥዕል በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገሰላም ለተመሠረተውና ዛሬ በስማቸው ለሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም። የሕግ ተማሪ ማኅተም ይዞ ይምጣ፤ የእርሻ ተማሪ ማጭድ ያምጣ፤ የምሕንድስናው የዛገ የቧንቧ መክፈቻ ያምጣ፤ የሕክምናው የተወረወረ የመድኀኒት ጠርሙስ ያምጣ። አምስት ደቂቃ አይቶ ዐውቀዋለሁ ያለውን ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሣለው።

ሦስተኛ፥ በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር አጭር ጽሑፍ ይኑር፤ ዕቃው የት እንደ ተሠራ፥ በስንት እንደሚገዛ፥ ማን እንደሚይዘው፥ ሲሰበር ምን እንደሚደረግ። ይህን ለማወቅ ተማሪው ከክፍሉ ወጥቶ ባለቤቱን መጠየቅ አለበት። ከግቢው በር ውጭ ያለችውን የጉልት ነጋዴ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ያላነጋገረ ስንት ተማሪ አለ?

ይህ ሐሳብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፈቃድም አያስፈልገውም። የሚጠይቀው አንድ ሰዓት መቀመጥንና አንድን ነገር እስኪገባን ድረስ ማየትን ነው። ተቃውሞ ያለው ይጻፍልን፤ ይህ ገጽ ለመልስ ክፍት ነው። ነገር ግን የሚጽፈው ሰው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት አንድ እርሳስ ቀርጾ፥ ከአልጋው ሥር ካለው ዕቃ አንዱን አውጥቶ፥ አንድ ሰዓት ይሞክር። ከዚያ በኋላ የሚጽፈውን መልስ በደስታ እናትመዋለን።